ሳይቃጠል በቅጠል ቢባልም ቅጠሉ ጠፍቷል!

የአዲስ አበባን ፎቆች አንጋጦ ያየ ሰው ከተማዋን የእሳት ነገር አያሰጋትም ሊል ይችላል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፤ ሊፍቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ከኮርኒሱ ላይ ደግሞ በየጥቂት እርምጃው ነጭ ክብ ነገር ተለጥፎ ይታያል። ይህ ክብ ነገር ጭስ ሲሸተው እንዲጮህ የተቀጠረ ዘበኛ ነው፤ ባለሙያዎቹ ስሞክ ዲቴክተር ይሉታል። የእኛ ጥያቄ አጭር ነው። ዘበኛው ነቅቷል ወይስ ተኝቷል?

መልሱን ለማግኘት አጣሪ ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም። ወደ አንዱ ሕንፃ ጎራ ብሎ ጥበቃዎቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሳጥን ማየት ይበቃል። ኮንትሮል ፓናል ይባላል። አረንጓዴው ከበራ ኤሌክትሪክ አለው ማለት ነው። ቀዩ ከበራ እሳት አለ ማለት ነው። ቢጫው ከበራ ደግሞ ፓናሉ «ከአካሌ የተበላሸ አለ፣ አሠሩኝ» እያለ ነው። ታዲያ ይህ ቢጫ መብራት እንደ ገና ጌጥ በርቶ የሚከርምበት ሕንፃ ብርቅ አይደለም። ጡሩምባው ሲጮህ «ረበሸን» ተብሎ ድምፁ ተዘግቷል፤ መብራቱ ግን ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ከተማው ሁሉ ቆሞ አየ። የስንቱ ነጋዴ የዕድሜ ልክ ላብ አመድ ሆነ። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ እሳት ነበር። ከዚያ ወሬው በረደ፤ የየፎቁ ቢጫ መብራት ግን አልበረደም።

ለምን አይሠራም ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ አንድ ነው፤ «መለዋወጫው የለም»። እኛ ይህን መልስ እንዲህ በቀላሉ አንቀበልም። መለዋወጫው የጠፋው ዛሬ ገበያ ላይ አይደለም። የጠፋው ያኔ፣ ዕቃው በተገዛበት ቀን ነው። በዚያን ቀን «ይህ ሲበላሽ ምትኩን ከየት እናመጣለን?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ባለቤቱ አልጠየቀም፤ አማካሪው አልጠየቀም፤ ፈቃድ ሰጪው መንግሥትም አልጠየቀም።

ሱማሌ ተራ የሌለው ዕቃ

መኪና ሲበላሽ መላ አይጠፋም። የቶዮታ ዕቃ የፈለገ ሰው ሱማሌ ተራ ይወርዳል። አዲስ ባያገኝ አሮጌ፣ ኦሪጅናል ባያገኝ የሚመስለውን ይዞ ይመለሳል። ያልገጠመውን መካኒኩ ሞርዶም ቢሆን ያስገባዋል። የፋየር አላርም ዕቃ ግን ሱማሌ ተራ የለውም። ቢኖረውም ተሞርዶ የሚገባ ዕቃ አይደለም። ምክንያቱን በቀላል አማርኛ እናስረዳ።

ሲስተሙ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ኮንቬንሽናል የሚባለው ነው። ሕንፃው በዞን በዞን ይመደብና ለእያንዳንዱ ዞን ሁለት ገመድ ከፓናሉ ተነስቶ ከአንዱ ዲቴክተር ወደ ሌላው ይሄዳል። ጭስ የሸተተው ዲቴክተር በገመዱ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከፍ ያደርገዋል፤ ፓናሉም ያንን አይቶ ይጮኻል። በገመዱ መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ትታሰራለች። ሥራዋ ገመዱ አለመበጠሱን ለፓናሉ መንገር ነው። የሬዚስተሯ መጠን እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዱ 4.7 ኪሎ ኦም ይላል፣ ሌላው 6.8 ይላል። በአንድ ዞን ስንት ዲቴክተር እንደሚታሰርም እንዲሁ ይለያያል። ስለዚህ የሌላ ፋብሪካ ዲቴክተር ከገበያ ተገዝቶ ቢገባ ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል። ክፋቱ ካልተፈተሸ በቀር አለመሥራቱ የሚታወቀው እሳት በተነሳ ቀን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው አድሬሰብል ይባላል። በዚህኛው እያንዳንዱ ዲቴክተር እንደ ቤት ቁጥር የራሱ ቁጥር አለው። ፓናሉ እንደ ስም ጠሪ አስተማሪ ሁሉንም በየተራ እየጠራ «አለህ? ደህና ነህ?» ይላል፤ እነሱም «አቤት» ይላሉ። እሳት ሲነሳ «አራተኛ ፎቅ፣ መጋዘን» ብሎ ቦታውን ይናገራል። ለትልቅ ሕንፃ የሚበጀው ይኸው ነው። ዳሩ ግን ፓናሉና ዲቴክተሩ የሚግባቡበት ቋንቋ አለ፤ ፕሮቶኮል ይሉታል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

መልካቸው አንድ፣ ቋንቋቸው ሌላ

ቋንቋው ካልገጠመ ዲቴክተሩ ቤዙ ላይ ልክክ ብሎ ቢገባም፣ ቮልቱ 24 ቢሆንም ፓናሉ አያውቀውም። አማርኛ ብቻ ለሚሰማ ሰው በቻይንኛ «እሳት!» ብሎ እንደ መጮህ ነው።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ቋንቋቸውን ለሌሎች ፓናል ሠሪዎች ከፍተዋል። የእንግሊዙ አፖሎና የጃፓኑ ሆቺኪ በዚህ ይታወቃሉ። የእነዚህን ዲቴክተር የሰቀለ ሕንፃ ፓናሉ ቢሞትበት ያንኑ ቋንቋ ከሚችሉ የተለያዩ ፋብሪካዎች መርጦ ይገዛል፤ የጣሪያውን ዲቴክተር ሁሉ መንቀል የለበትም። ሌሎች ደግሞ ቋንቋቸውን ቆልፈው ይዘዋል። የአሜሪካው ሲምፕሌክስ ለራሱ ፓናል የራሱን ዕቃ ነው የሚሸጠው። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ዕቃውም የተመሰከረለት ነው። ግን እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ያ በር ተዘጋ፣ ወኪሉ ሥራ ለወጠ፣ ሞዴሉ መመረት አቆመ ማለት ሕንፃው ደጅ ቀረ ማለት ነው።

ስሙ አንድ መሆኑም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኖቲፋየርን ብንወስድ ክሊፕ የሚባል የቀድሞ ቋንቋና ፍላሽስካን የሚባል የኋለኛ ቋንቋ አለው። አዲስ ዕቃ አሮጌ ፓናል ላይ ከመግባቱ በፊት የትኛውን እንደሚናገር መጠየቅ ግድ ነው። ፋብሪካዎቹም ይሸጣሉ ይለወጣሉ። የሲምፕሌክስ ባለቤት የነበረው ታይኮ በ2016 እ.ኤ.አ. ከጆንሰን ኮንትሮልስ ጋር ተዋሕዷል። በዚህ ላይ አንድ ፋብሪካ ለብዙ ስሞች ዲቴክተር ይሠራል፤ ቅርፁ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ሆዱ ግን ሌላ ይሆናል። «ይመስላል» ብሎ መግዛት እዚህ ቦታ አይሠራም።

ሌላው ዓለም ለዚህ መላ አበጅቷል። አሜሪካኖቹ ፓናሉ ከየትኛው ዲቴክተር ጋር እንደሚሠራ ተፈትሾ የተጻፈ ዝርዝር አላቸው፤ ከዝርዝሩ ውጪ ያለ ዕቃ አይገባም። አውሮፓውያኑም ኢኤን 54 ከሚሉት ደረጃ ውስጥ ክፍል 13ን ለዕቃዎቹ መስማማት ጉዳይ ብቻ ሰጥተውታል። ዝርዝሩን ከፓናሉ አምራች ጠይቆ ማግኘት ይቻላል። ጠያቂ ነው የጠፋው።

ደግሞም ትክክለኛው ዕቃ ቢገኝ እንኳ ነገሩ አያልቅም። አድሬሰብል ሲስተም ፕሮግራም አለው። የትኛው ቁጥር የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ የትኛው ሲጮህ የትኛው ፎቅ እንደሚነቃ የተጻፈበት ፋይልና የይለፍ ቃል አለ። ይህ ፋይል ብዙ ጊዜ ዕቃውን በገጠመው ድርጅት ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀራል። ባለሕንፃው ሕንፃውን ተረከበ እንጂ ቁልፉን አልተረከበም። ከዓመታት በኋላ አንድ ዲቴክተር ለማስቀየር ያንን ድርጅት ፈልጎ መለመን፣ የተጠየቀውን ሁሉ መክፈል፣ ድርጅቱ ከስሞ ከሆነም እንደ አዲስ ማስጻፍ ነው ዕጣው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ዕቃ ሲጠፋ መላ መምታት የአገራችን ሙያ ነው። እዚህ ጋ ግን መላው ይገድላል። የሞተው ዲቴክተር ይነቀልና ገመዱ ይቀጠላል፤ ወይ በቦታው ሬዚስተር ይታሰራል፤ ወይ ፓናሉ ያንን ቁጥር እንዲረሳ ይደረጋል። ፓናሉ ይታለላል። ቢጫው ይጠፋል፤ አረንጓዴው ይበራል። ባለሕንፃው ይከፍላል፤ ቴክኒሻኑ ይመረቃል። ያ ክፍል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይን የለውም። ከቢጫ መብራት የሚብሰው እንዲህ ያለው የውሸት አረንጓዴ ነው፤ ቢጫው ቢያንስ እውነቱን ይናገር ነበር።

ከፈረሰ ሕንፃ የተፈታ ዲቴክተር በርካሽ ላቅርብ የሚልም አይታመንም። በአቧራ የታፈነ አሮጌ ዲቴክተር ወይ አይሸተውም ወይ ያለ ነገሩ ይጮኻል። አዮናይዜሽን ከሚባለው የቀድሞ ዓይነት ደግሞ በውስጡ አሜሪሲየም 241 የሚባል ጨረር አመንጪ ነገር በጥቂቱ ይዟል። ተዘግቶ እስካለ ድረስ አያሰጋም፤ ፈታትቶ መጠገን ግን የሰፈር ቴክኒሻን ሥራ አይደለም።

ያልተስማማ ዕቃ ሌላም መዘዝ አለው። ያለ ምክንያት ይጮኻል። ዛሬ ጮኸ፣ ሰው ደንግጦ ወጣ፣ ምንም የለም። ነገ ጮኸ፣ ግማሹ ወጣ። ከነገ ወዲያ ሲጮህ ቀና ብሎ የሚያይም የለም። የዚህ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማወቅ ባንግላዴሽን ማየት ነው። በኅዳር 2005 ዓ.ም. ዳካ አጠገብ ታዝሪን በተባለው የልብስ ፋብሪካ እሳት ሲነሳ አላርሙ ጮኾ ነበር። ኃላፊዎቹ ግን ሠራተኞቹን «ወደ ሥራችሁ ተመለሱ» አሏቸው። ከ110 በላይ ሰው አለቀ። እኛም ዛሬ በሐዋሳና በሌሎች ኢንዱስትሪ ፓርኮች በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ ወጣቶችን አስቀምጠን የምናሰፋ አገር ነን። የሚጮኸውን የማያምን ሠራተኛ ጭራሽ አላርም ከሌለው ሠራተኛ የተሻለ አይደለም።

የባትሪው ነገርማ ያሳፍራል። መብራት ሲጠፋ ሲስተሙን የሚያቆየው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ይሆናል። በእንግሊዞች ደረጃ መብራት ከጠፋ በኋላ በአብዛኛው 24 ሰዓት ጠብቆ፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ማስጮህ ይጠበቅበታል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት፤ መብራት በሚሄድ በሚመጣበት ቦታ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ይህ ባትሪ ለኮምፒዩተር ዩፒኤስ የሚሸጠው ዓይነት ነው። መጠኑ ከፓናሉ ጋር እስከገጠመ ድረስ ከተማው ሙሉ ነው! ታዲያ «መለዋወጫ የለም» የሚለው ሰውዬ እስቲ ይህን ለምን አልቀየረም? መለዋወጫ ስለሌለ ወይስ ግድ ስለሌለው?

ጥፋቱ የማን ነው?

ለባለሕንፃውም ፍትሕ እንስጠው። ለዓመታት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲጠብቅ የኖረ ነጋዴ ለሃያ ዲቴክተር ብሎ ኤልሲ አይከፍትም። ስለዚህ ዕቃው ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል፤ በሻንጣ የመጣውን ደግሞ መስማማት አለመስማማቱን የሚመረምር የለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ትርፍ ዲቴክተር ገዝቶ መጋዘን ያላስቀመጠ ሰው ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቀው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ምክንያት እንጂ ማምለጫ አይሆንም። ያው ባለሕንፃ ሊፍቱ ሲቆም መለዋወጫ ከጨረቃም ቢሆን ያስመጣል፤ ሊፍት ከቆመ ተከራይ ይወጣላ! አላርም ቢቆም ግን ተከራይ አያውቅም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ አንዱ ሲሞት ኪራይ ይቀንሳል፣ ሌላው ሲሞት የሚቀንስ ነገር የለም፤ እሳቱ እስኪመጣ ድረስ።

ትልቁ ጥያቄ ግን የሚመለከተው መንግሥትን ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚባል ነገር እንዳለ ነግሮናል። ፈቃዱ ሲሰጥ ምን ይታያል? ክቡ ነገር ኮርኒሱ ላይ መለጠፉ ከሆነ የሚታየው፣ ያማ የስኳር ሳሕንም ቢለጠፍ ያው ነው። ሰው በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ጤናው ተመርምሮ «ዕድሜ ልክህን ጤነኛ ነህ» አይባልም። ሕንፃውስ?

በመንግሥት ግዢም ነገሩ ያው ነው። ጨረታ የሚወዳደረው በዕለቱ ዋጋ ከሆነ ርካሹ ያሸንፋል። ርካሹ ግን በአምስተኛው ዓመት መለዋወጫ ሲጠፋለት ከነገመዱ ተነቅሎ ሌላ ይገዛለታል። የመጀመሪያው ርካሽ፣ ሁለተኛው ውድ፣ ሁለቱም ከሕዝብ ኪስ!

ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፈን አንለያይም። የሚደረገው ከባድ አይደለም።

አንደኛ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ማየት ትቶ ማስጮህ ይጀምር። የሙከራ ጭስ ከዲቴክተሩ ሥር ይረጭ፣ መብራት ይጥፋ፣ ይጩህ። ከዚያ ፋይል ይጠይቅ፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ሞዴል ቁጥር፣ አምራቹ ያወጣው የመስማማት ዝርዝር፣ የፕሮግራሙ ቅጂና የይለፍ ቃሉ በባለሕንፃው እጅ መሆናቸውን ያረጋግጥ። ከመቶ ዲቴክተር አምስት ያህሉ በመጠባበቂያነት ሕንፃው ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ። ይህ የእኛ ሐሳብ ነው፤ የተሻለ ካለ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ምርመራው በየዓመቱ ይሁን፤ ውጤቱም መግቢያው ላይ ይለጠፍ። ማንኛውም ሱቅ ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅል የለ? ሕንፃውስ «አላርሜ በዚህ ቀን ተፈትሿል» የሚል ወረቀት ቢሰቅል ምን ይጎዳዋል?

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ጨረታ ሲወጣ «መለዋወጫውን ለ10 ዓመት ማን ያቀርባል? ቋንቋው ክፍት ነው ዝግ?» የሚል ጥያቄ ነጥብ ይያዝበት። ባንኩና ጉምሩኩም ለሕይወት ማዳኛ ዕቃ መለዋወጫ ከሽቶና ከመዋቢያ የተለየ መስኮት ይክፈቱለት።

አራተኛ፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፖሊሲ ሲያድሱ የፍተሻ ወረቀት ይጠይቁ። መንግሥት ባይቆጣ ገንዘብ ይቆጣ።

አምስተኛ፣ ባለሕንፃው ዛሬውኑ የሚያደርገው አለ። የፓናሉንና የዲቴክተሩን ጀርባ ፎቶ ያንሳ፤ ሞዴሉን ይዞ የመስማማት ዝርዝሩን ከአምራቹ ይጠይቅ። ባትሪዎቹን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይር። ሞዴሉ መመረት ካቆመ ከዚህም ከዚያም እየለቀመ ከመለጠፍ ይልቅ በዕቅድ፣ ወደ ክፍት ቋንቋ ይዙር። እስከዚያው ድረስ ደግሞ ሰው ይመድብ። በአሜሪካኖቹ ደረጃ የአንድ ሕንፃ አላርም በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ ወይ ሕንፃው ባዶ ይደረጋል ወይ እየዞረ እሳት የሚጠብቅ ሰው ይቆማል። አራት ሰዓት! የእኛ ቢጫ መብራት ስንት ወር ሆነው?

መጨረሻ የምንናገረው ለእናንተ ለአንባቢያን ነው። ሕንፃው የእናንተ ባይሆንም እሳቱ ሲመጣ ባለቤቱ እዚያ አይኖርም፤ እዚያ የምትገኙት እናንተ ናችሁ። ፀጉር የምትሠሪው እህት፣ ሦስተኛ ፎቅ ኮሌጅ የምትማረው ወንድም፣ ሌሊቱን የምታድረው የጥበቃ አባት፣ ነገ ጠዋት ስትገቡ ያችን ሳጥን ቀና ብላችሁ እዩአት። ቢጫው በርቶ ከሆነ የሕንፃውን አስተዳዳሪ ጠይቁ፤ «ለምን በራ? ከመቼ ጀምሮ? መቼ ይጠፋል?» ተሳስቦ በአንድነት የጠየቀ ተከራይ ይሰማል። አረንጓዴ ቢሆንም ዝም አትበሉ፤ «መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው?» በሉ።

«መለዋወጫ የለም» ለመኪና መልስ ይሆናል። ለሰው ግን መለዋወጫ የለውምና መልስ አይሆንም። የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ሳይቃጠል አስቡበት!